ሃይፖክሲያና አብራሪ፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በድሬዳዋና በሐረር ለበረራ ሥልጠና የሚዘጋጁ ወጣቶችና ወላጆቻቸው ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ አስቸጋሪው ተደርድረዋል።

ሃይፖክሲያ ምንድን ነው?

ሰውነት፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ አንጎል፣ የሚያስፈልገውን ያህል ኦክስጅን ሳያገኝ ሲቀር የሚፈጠር ሁኔታ ነው። ብዙ ሰው ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የሚቀንስ ይመስለዋል። አይደለም። ቀፊራ ገበያ መሀል ቆመን የምንተነፍሰው አየርም ሆነ በ35,000 ጫማ ከአውሮፕላኑ ውጭ ያለው አየር 21 በመቶ ገደማው ኦክስጅን ነው። የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። ኦክስጅንን ከሳንባ ወደ ደም የሚያሻግረው ደግሞ ይኸው ግፊት ነው። በ18,000 ጫማ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ግማሽ ያህሉ ብቻ ስለሆነ የቱንም ያህል በረጅሙ ቢተነፍሱ ደሙ ይጎድልበታል።

ከፍታ ብቸኛው ምክንያት አይደለም። ደም ማነስ፣ የጭስ ጋዝ፣ አልኮል፣ በተዋጊ አውሮፕላን ጥምዘዛ ጊዜ ደም ወደ እግር መውረዱ፣ ሁሉም በየራሳቸው መንገድ አንጎልን ኦክስጅን ይነሡታል። አብራሪን በብዛት የሚያሰጋው ግን ከፍታው ነው።

ድሬዳዋና ሐረር ከዚህ አንጻር የት ላይ ናቸው?

የአባ ጠና ደጃዝማች ይልማ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 3,827 ጫማ ላይ ይገኛል፤ እዚያ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 87 በመቶ ያህል ነው። ሐረር 6,200 ጫማ ገደማ ላይ ስለሆነች ወደ 80 በመቶ፣ ቦሌ ደግሞ 7,625 ጫማ ላይ ስለሆነ ወደ 75 በመቶ ይወርዳል። ደንገጎን ሲወጡ ጆሮ የሚደፈነውና ሐሮማያ ሲደርሱ የሚከፈተው በዚሁ የግፊት ለውጥ ነው።

በእነዚህ ከፍታዎች ጤነኛ ሰው የሚሰማው ነገር የለም። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይባል፦ የሌሊት እይታ ከ5,000 ጫማ ገደማ ጀምሮ መድከም ይጀምራል። ዓይን ኦክስጅን በብዛት ከሚበሉት የሰውነት ክፍሎች አንዱ ነው። ሐረር ላይ በጨለማ የሚነዳ ሹፌር ይህን አያስተውለውም፤ መብራት በሌለበት ተራራ ላይ በሌሊት የሚበር አብራሪ ግን ሊያስተውለው ይገባል።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

ዝርዝሩ ረጅም ነው፦ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የጣቶች መደንዘዝና መጠዝጠዝ፣ የሙቀት ወይም የብርድ ስሜት፣ የትንፋሽ መፍጠን፣ የዓይን ዳር ዳሩ መጨለም፣ የቀለማት መደብዘዝ፣ የከንፈርና የጥፍር መጥቆር፣ የንግግር መጎተት። ይህን መሸምደድ ለፈተና ይጠቅማል። ለሕይወት የሚጠቅመው ግን አንዱን ነገር መረዳት ነው፤ ሃይፖክሲያ ብዙ ጊዜ አያምም። እንዲያውም የልብ ልብ ይሰጣል። ሰውየው ደስ ይለዋል፣ ሥራው የሰመረለት ይመስለዋል፣ የሚቀልድም አለ።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። መታመማችሁን የሚነግራችሁ አንጎል ነው፤ መጀመሪያ የሚታመመውም እሱ ነው። ሚዛኑ ራሱ ከተዛባ ዕቃው ስንት ኪሎ እንደሆነ ማን ይናገራል? እ.ኤ.አ. በ1875 ዜኒት በተባለ ባሉን ከ8,000 ሜትር በላይ ከወጡት ሦስት ፈረንሳውያን ሁለቱ ሞቱ። የተረፈው ጋስቶን ቲሳንዲዬ በኋላ ሲጽፍ በዚያች ሰዓት ሥቃይ እንዳልተሰማው፣ ይልቁንም ውስጣዊ ደስታ እንደተሰማው ተናግሯል። ኦክስጅን ይዘው ነበር፤ ሊጠቀሙበት የሚገባበት ሰዓት መድረሱን ሲያውቁ ግን እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነበር።

ኦክስጅን ቢቋረጥብኝ ስንት ደቂቃ አለኝ?

የሚቆጠረው እስከ መሳት ያለው ጊዜ አይደለም፤ የኦክስጅን ጭምብል ለማድረግና ትክክለኛ ውሳኔ ለመስጠት የሚያስችል አእምሮ የሚቆይበት ጊዜ ነው። በ18,000 ጫማ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይሆናል። በ25,000 ጫማ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ። በ30,000 ጫማ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ። ትልልቅ አውሮፕላኖች በሚበሩበት 35,000 ጫማ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ፣ በ40,000 ጫማ ደግሞ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ።

እነዚህ ቁጥሮች አርፎ ለተቀመጠ ጤነኛ ሰው የተሰጡ ናቸው። የአውሮፕላኑ ግፊት በድንገት ቢያመልጥ ሳንባ ውስጥ የነበረውም አየር ተስቦ ስለሚወጣ ጊዜው እስከ ግማሽ ሊያጥር ይችላል። ተነስቶ የተንቀሳቀሰ፣ የደነገጠ ወይም እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ያገኛል።

ሥልጠናው ምን ይመስላል?

የቆየውና በየአየር ኃይሉ የታወቀው መንገድ የግፊት ክፍል ነው፤ ወፍራም መስኮቶች ያሉት፣ ውስጡ በግራና በቀኝ መቀመጫ የተደረደረበት የብረት ክፍል። በሩ ሲዘጋ አየሩ በፓምፕ ይሳባል፣ ውስጡ ያሉትም ከመሬት ሳይነሱ ከፍታ ይወጣሉ። መጀመሪያ ወደ 5,000 ጫማ ገደማ ወጥተው ይመለሳሉ፤ ጆሮው ወይም አፍንጫው የተደፈነ ሰው እዚሁ ይለያል። ከዚያም ለግማሽ ሰዓት ያህል ንጹሕ ኦክስጅን ይተነፍሳሉ፤ ይህም በደም ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ለማስወጣት ነው። ከዚያ በኋላ ብዙውን ጊዜ ወደ 25,000 ጫማ ይወጣና ሠልጣኞች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሠራሉ፤ አንዱ ጭምብሉን ያወልቃል፣ ሌላው ጭምብሉን እንዳደረገ ባልንጀራውን ይጠብቃል።

ጭምብሉን ላወለቀው ወረቀትና እርሳስ ይሰጠዋል። ከ1,000 ላይ 7 እየቀነስክ ጻፍ ይባላል። 993፣ 986፣ 979 ብሎ ቀጥ ባለ መስመር ይጀምራል። ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲሆን ቁጥሮቹ ይተልቃሉ፣ መስመሩ ወደ ታች ይጋደላል። ከዚያም አንዱን ቁጥር ሦስቴ አራቴ ደጋግሞ ይጽፈዋል፣ ወይም እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ፈገግ ይላል። አሠልጣኙ «ጭምብልህን አድርግ» ሲለው ራሱን ይነቀንቃል፤ ሰምቷል፣ ተስማምቷልም፣ እጁ ግን አይነሳም። ጭምብሉን ሌላ ሰው ያደርግለታል። በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይነቃና ወረቀቱን ሲያሳዩት የራሱ ጽሕፈት መሆኑን ለማመን ይቸግረዋል፤ ጥሩ አድርጎ የጻፈ መስሎት ነበርና።

የዚህ ሁሉ ዓላማ ጽናትን መፈተን አይደለም። ብዙ መቆየት ነጥብ አያስገኝም፤ «እኔ አምስት ደቂቃ ቆየሁ» ብሎ የሚፎክር ሠልጣኝ ትምህርቱ አልገባውም። የሚፈለገው የራስን የመጀመሪያ ምልክት መለየት ነው። አንዱን ጉንጩን ያሞቀዋል፣ ሌላውን ጣቶቹን ይጠዘጥዘዋል፣ ሦስተኛው ያለ ምክንያት ይናደዳል። የሰው ምልክት የየራሱ ነው፤ ያን ምልክት ባገኘ ጊዜ ሳያስብ እጁን ወደ ጭምብሉ የሚሰድ አብራሪ ማፍራት ነው ጉዳዩ።

በአንዳንድ ሥልጠናዎች ክፍሉን አጨልመው በ18,000 ጫማ አካባቢ በቀለማት የተሞላ ሠንጠረዥ ያሳያሉ። ሠልጣኙ ቀለማቱን እንደ አመድ ደብዝዘው ያያቸዋል፤ ጭምብሉን ሲያደርግ ቀዩና አረንጓዴው ዓይኑ እያየ ይፈካሉ። ካየሁት የማስተማሪያ ዘዴ ሁሉ ይህን የሚያህል የለም፤ ምንም ንግግር አያስፈልገውም።

ልጄ አንጎሉ አይጎዳም? ክፍሉስ አደገኛ አይደለም?

የወላጆች የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው፤ ተገቢም ነው። ጤናው ተመርምሮ ባለሙያ አጠገቡ ሆኖ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚደረግ ልምምድ ጤነኛ ወጣት ላይ ዘላቂ ጉዳት ያደርሳል ተብሎ አይታሰብም። ጣት ላይ የደሙን ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ ይደረግለታል፤ ቁጥሩ ከተወሰነው በታች ሲወርድ ልምምዱ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ድካምና ቀላል ራስ ምታት ሊኖር ይችላል።

የግፊት ክፍሉ የራሱ ሌላ አደጋ ግን አለው። ግፊት በፍጥነት ሲቀንስ በደም ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን አረፋ ሠርቶ መገጣጠሚያን ሊያሳምም፣ አንዳንዴም ከዚያ የከፋ ነገር ሊያመጣ ይችላል። አስቀድሞ ንጹሕ ኦክስጅን የሚተነፈሰው ለዚህ ነው፤ ከልምምዱ በኋላም ቢያንስ ለግማሽ ቀን፣ እንደ ተቋሙ ደንብ እስከ አንድ ቀን፣ መብረር የሚከለከለው ለዚሁ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ጨርሶ አይግባ፤ ሲወርድ ጆሮው ይቀጣዋል።

ሆድም አለ። በ25,000 ጫማ አንጀት ውስጥ ያለ ጋዝ ወደ ሦስት እጥፍ ይሰፋል። በልምምዱ ዕለት ጠዋት ፉል በልቶ መግባት ለራስም ለባልንጀራም ክፉ ነው፤ የተዘጋ ክፍል ነው።

ይህን ሥልጠና ሕግ ያስገድዳል?

የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ ስለ ኦክስጅን አጠቃቀም ግልጽ ነው፦ አብራሪ ያለበት ክፍል ከፍታ (ማለትም በክፍሉ ውስጥ ካለው የአየር ግፊት ጋር የሚመጣጠነው ከፍታ) ከ10,000 ጫማ እስከ 13,000 ጫማ ባለው ውስጥ ከ30 ደቂቃ በላይ ከቆየ ኦክስጅን ይጠቀማል፤ ከ13,000 በላይ ከሆነ ደግሞ ያለማቋረጥ። ከ25,000 ጫማ በላይ በሚበሩ፣ ግፊታቸው በተጠበቀ አውሮፕላኖች ላይ በአንድ እጅ በ5 ሰከንድ ውስጥ ፊት ላይ የሚጠልቅ ጭምብል በአብራሪው አጠገብ መኖር አለበት።

ሥልጠናውን በተመለከተ አገሮች ይለያያሉ። ለምሳሌ በአሜሪካ ከ25,000 ጫማ በላይ ሊበር የሚችል፣ ግፊቱ የተጠበቀ አውሮፕላን ለማብረር የመሬት ላይ ትምህርት ግዴታ ነው፤ የግፊት ክፍል ውስጥ መግባት ግን ለሲቪል አብራሪ ግዴታ አይደለም። የወታደር አብራሪዎች በብዙ አገሮች ይገባሉ፣ በየጥቂት ዓመቱም ያድሳሉ። እዚህ አገር ለሚማር ሰው የሚያስፈልገውን ቁርጡን የሚነግረው የሚመዘገብበት ትምህርት ቤትና የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው።

ምልክቱ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ይደረጋል?

ጭምብል። ከሬዲዮው በፊት፣ ከመመርመሪያ ዝርዝሩ በፊት፣ ጓደኛን «አንተስ ይሰማሃል?» ብሎ ከመጠየቅም በፊት ጭምብል። ከዚያም መቆጣጠሪያውን መቶ በመቶ ኦክስጅን ላይ ማድረግ፣ ኦክስጅኑ በእርግጥ እየፈሰሰ መሆኑን ጠቋሚው ላይ ማየት፣ ቱቦው መጋጠሙን በእጅ መዳሰስ፤ ያልተሰካ ቱቦ ይዞ የተንፈራገጠ አብራሪ ታሪክ በየአየር ኃይሉ አለ። ከዚያ መውረድና ለበረራ ተቆጣጣሪ ማሳወቅ።

ለጥቂት ሰከንዶች ምልክቱ ቢብስ መደንገጥ አያስፈልግም። ኦክስጅን ሲመለስ አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያጋጥማል። ጭምብሉ አልሠራም ብሎ ማውለቅ ትልቁ ስሕተት ነው።

«ወደ 10,000 ጫማ ውረድ» የሚባለው እኛ አገርም ይሠራል?

ይህን የሚለው የሥልጠና መጽሐፍ የተጻፈው በአብዛኛው ለሜዳማ አገር ነው። ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምዕራብ ያለው ጋራ ሙለታ ከ3,300 ሜትር በላይ፣ ወደ 11,000 ጫማ ነው። ደመና ውስጥ ሆኖ እዚያ አካባቢ 10,000 ጫማ ላይ «ዳንኩ» የሚል አብራሪ ተራራው ውስጥ ነው ያለው። ራስ ዳሸንና የባሌው ቱሉ ዲምቱ ደግሞ ከ14,000 ጫማ ያልፋሉ።

ስለዚህ የሚወረደው ወደ 10,000 ጫማ ወይም ለዚያ መስመር ወደተወሰነው ዝቅተኛ የደኅንነት ከፍታ ነው፤ ከሁለቱ የሚበልጠው ይያዛል። ከድሬዳዋ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቆላው በኩል፣ መሬቱ ስለሚወርድ ቶሎ ዝቅ ማለት ይቻላል፤ ወደ ደቡብ ግን ጭምብሉን እንዳደረጉ ቆይቶ መብረር ሊያስፈልግ ይችላል። ይህን የሚወስነው ሰው ቀድሞ ማለትም መሬት ላይ ሳለ ካርታውን እያየ ካልወሰነው፣ አንጎሉ ኦክስጅን በተጠማበት ሰዓት አይወስነውም።

ትንፋሼ ስለፈጠነ ብቻ ሊሆን አይችልም? እንዴት እለየዋለሁ?

በፍርሃት ምክንያት ከልክ በላይ መተንፈስም ጣትን ይጠዘጥዛል፣ ያዞራል። አየር ላይ ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። ከ10,000 ጫማ በላይ ከሆናችሁ ሃይፖክሲያ ነው ብላችሁ ጀምሩ፤ ኦክስጅኑን አድርጋችሁ ትንፋሹን ቀስ አድርጉት። ሁለቱንም ያክማል።

ጫት የቃመ ሰው ይነቃል እንጂ ይፈዝዛል እንዴ?

ከአወዳይ በአቅራቢያ ለሚኖር ሰው ይህ ጥያቄ የቅንጦት አይደለም። ጫት ልብን ያፈጥናል፣ የደም ግፊትን ይጨምራል፣ እንቅልፍን ያባርራል። የደምን ኦክስጅን ግን አይጨምርም። ይባስ ብሎ የምርቃናና የሃይፖክሲያ ጠባይ እጅግ ይመሳሰላል፤ ወሬው ይጣፍጣል፣ ሐሳቡ ይበዛል፣ የማይቻል ነገር አይኖርም። ራሱን ለመጠበቅ «ያለ ምክንያት ደስ ካለኝ ጭምብሌን አደርጋለሁ» ብሎ የሠለጠነ አብራሪ ደስታው ከየት እንደመጣ ካላወቀ ሥልጠናው ባከነ። በማግሥቱ የሚመጣው እንቅልፍ ማጣትና ድብርት ደግሞ ለብቻው አደጋ ነው።

ዓለም አቀፉ ደንብም መንፈስን የሚያነቃቁ ዕፆችን አብራሪ እንዳይጠቀም ይከለክላል። ከዝርዝሩ በስም ነጻ የወጡት ቡናና ትንባሆ ናቸው። የሐረር ቡና እንግዲህ ተርፏል።

ትንባሆ ካልተከለከለ ሲጋራና ሺሻ ችግር የለባቸውም ማለት ነው?

አለባቸው። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ በደም ላይ ይጣበቃል። አጫሹ መሬት ላይ ቆሞም ቢሆን ሰውነቱ ብዙ ሺህ ጫማ ላይ እንዳለ ነው። የሺሻው ከሰል ጉዳቱን ያብሰዋል። ደም ያነሰውም ሰው እንዲሁ በዝቅተኛ ከፍታ ይጎዳል፤ ደም የለገሰ አብራሪ ደግሞ ቢያንስ አንድ ቀን ማረፍ ይመከራል።

እኔ የደጋ ልጅ ነኝ። ከቆላ ልጅ የተሻለ አልችልም?

የኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪዎች ሳይንቲስቶችን ያስደነቀ ነገር አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የተደረገ ጥናት የነዋሪዎቹ የሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) መጠንና የደም ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም እንደማይለይ አሳይቷል፤ የአንዲስና የቲቤት ነዋሪዎች አካል ከፍታውን የሚቋቋመው በሌላ መንገድ ነው። ኩራት ቢሰማችሁ አልፈርድም።

ኮክፒት ውስጥ ግን ይህ ኩራት ብዙ አያስኬድም። 3,530 ሜትር ማለት 11,600 ጫማ ገደማ ነው፤ ከ25,000 ጫማ ጋር የሚወዳደር አይደለም። በ35,000 ጫማ ግፊት ሲያመልጥ የደጋውም የቆላውም ልጅ የሚቆጠረው በሰከንድ ነው፤ የጥቂት ሰከንድ ብልጫ ቢገኝ እንኳ በትምክህት ይባክናል። የሐረር ልጅ በድሬዳዋው ላይ አለኝ የሚለው ብልጫማ ከጨዋታ አያልፍም።

ድሬዳዋ ሲሞቅ አውሮፕላን ከፍታ ላይ እንዳለ ይሆናል ይባላል። እኔስ?

ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሙቀት አየሩን ስለሚያሳሳ ክንፉና ሞተሩ ይደክማሉ። በግንቦት ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ ሲሆን ድሬዳዋ ማረፊያ ላይ ያለ አውሮፕላን 7,000 ጫማ ገደማ ላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚነሳው፤ መንደርደሪያው ይረዝማል፣ ሽቅብ መውጣቱ ይዘገያል። አብራሪው ግን የሚተነፍሰው የ3,827 ጫማውን ግፊት ነው። ሙቀቱ የሚጎዳው በላብና በድካም ነው፤ ውኃ የጠማውና የደከመው አብራሪ በኋላ ከፍታ ላይ ቶሎ ይሸነፋል።

ትልልቅ አውሮፕላኖች ግፊታቸው የተጠበቀ ነው። ታዲያ ለምን ይህን ሁሉ እንማራለን?

እውነት ነው፤ የመንገደኛ አውሮፕላን ካቢን በመደበኛ በረራ ከ8,000 ጫማ በላይ እንዲሆን አይፈቀድም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚያበረው ቦይንግ 787 ደግሞ እስከ 6,000 ጫማ ብቻ ነው፤ ውስጡ የተቀመጠ መንገደኛ ቦሌ ላይ ከቆመው ሸኚው ያነሰ ከፍታ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ግን ግፊቱን የሚጠብቀው መሣሪያ ነው፣ መሣሪያውን የሚያዘው ሰው ነው። ነሐሴ 2005 እ.ኤ.አ. ቆጵሮስ ካለችው ላርናካ የተነሳው የሄሊዮስ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የግፊት መቆጣጠሪያው ለጥገና ተብሎ በእጅ መቆጣጠሪያ ላይ እንደተተወ ተነሳ። የማስጠንቀቂያ ጩኸቱ ሲሰማ አብራሪዎቹ ለሌላ ጉዳይ የሚጮኸው፣ ድምፁ ከዚህ ጋር አንድ የሆነው ማስጠንቀቂያ መሰላቸው። ከምድር ጥገና ባለሙያ ጋር ስለ ማቀዝቀዣ ሥርዓት እየተነጋገሩ አውሮፕላኑ መውጣቱን ቀጠለ። ከዚያ ዝም አሉ። አውሮፕላኑ ነዳጁ እስኪያልቅ በራሱ በረረና ከአቴንስ አቅራቢያ ወደቀ፤ 121 ሰው አለቀ። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። ለማሰብ የተሰጣቸው ጊዜ የሚያስቡበትን ነገር ሲበላው አላወቁትም፤ ጩኸቱ እንደተሰማ ጭምብል ቢያደርጉ ኖሮ የቀረውን ሁሉ ለመመርመር ጊዜ ነበራቸው።

ሁለቱም አብራሪዎች ቢታመሙ ማን ያውቃል?

አንዳንዴ መሬት ላይ ያለ ሰው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ክሊቭላንድ አካባቢ አንድ የጭነት ሌርጀት አብራሪ በተጎተተ ድምፅ ከፍታውንም ፍጥነቱንም አቅጣጫውንም መቆጣጠር እንዳቃተው ለተቆጣጣሪ ተናገረ፤ አስከትሎም ከዚያ በስተቀር ሁሉም ደኅና ነው አለ። ተቆጣጣሪዎቹ ይህ የስካር ንግግር የኦክስጅን እጥረት መሆኑን ገምተው ደጋግመው «ውረድ» አሉት። ወደ 11,000 ጫማ ሲወርድ ድምፁ ተስተካከለ፤ በሰላም አረፉ። የዚህ በረራ የሬዲዮ ቅጂ ዛሬ በየሥልጠናው ይደመጣል። ሠልጣኞች መጀመሪያ ይስቃሉ፤ መሳቃቸው ጥሩ ነው፣ ያን ድምፅ በኋላ በባልንጀራቸው አንደበት ሲሰሙት ያውቁታል።

የግፊት ክፍል በሌለበት፣ በጋዝ ድብልቅ የሚሰጠው ሥልጠና እኩል ይሠራል?

አሁን አሁን እየተስፋፋ ያለው መንገድ ይህ ነው። ሠልጣኙ ምስለ በረራ (መሬት ላይ ያለ የበረራ ማስመሰያ) ላይ ተቀምጦ በጭምብሉ ውስጥ ናይትሮጅን የበዛበት፣ ኦክስጅን ያነሰበት አየር ይተነፍሳል። የክፍሉ ግፊት ስለማይለወጥ ጆሮ አይታመምም፣ የናይትሮጅን አረፋ ሥጋት የለም፣ በዚያ ላይ አብራሪው እየበረረ እያለ መታመምን ይለማመዳል። ጉድለቱ የግፊትን ነገር አለማስተማሩ ነው፤ የሆድ መንፋት፣ የጆሮ ሕመም፣ ግፊት በድንገት ሲያመልጥ ክፍሉን የሚሞላው ጭጋግ፣ እነዚህ አይታዩም። እኔ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል በምስለ በረራው ላይ የሚደረገውን እመርጣለሁ፤ እጅ የሚሠለጥነው ሥራ ላይ ሳለ ነውና።

እኛን በተለይ የሚመለከት አንድ ቴክኒካዊ ወጥመድ ግን አለ። 25,000 ጫማን ለማስመሰል በባሕር ጠለል ላይ 7 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ያለው ድብልቅ ይሰጣል። ድሬዳዋ ላይ ግፊቱ ቀድሞም ያነሰ ስለሆነ ያንኑ ከፍታ ለማስመሰል 8 በመቶ ገደማ፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከ9 በመቶ በላይ ያስፈልጋል። ለባሕር ጠለል የተዘጋጀውን ድብልቅ እንዳለ ድሬዳዋ ላይ ብንሰጠው በስሌት ሠልጣኙ 28,000 ጫማ ገደማ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ከሆነ ከ30,000 ያልፋል። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አለው ብለን የምንጠብቀው ልጅ በአንድ ሁለት ደቂቃ ይወድቅብናል ማለት ነው። ስለዚህ መሣሪያው ከመከፈቱ በፊት የቦታው የዕለቱ የአየር ግፊት መግባቱ ይረጋገጥ፤ «ለየትኛው ከፍታ ነው የተስተካከለው?» ብሎ የሚጠይቅ ሠልጣኝም አሠልጣኙን እንደተዳፈረ አይቆጠርበት።